ከቦቢ እስከ አንበሴ፦ የውሻ አረማመድ መለኪያችንን ለትንሹም ለትልቁም እንዴት እናስማማው?

ከጦሳ ሥር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። ድሮ የሚመጣልን ላም፣ በግና አህያ ነበር። አሁን አሁን ውሻ በዝቷል። ባጃጅ የገጨው፣ ድንጋይ የተወረወረበት፣ ከግንብ ዘሎ የተሰበረ። እናክማለን፣ እናስራለን። ሁለት ወር ሲሆነው ባለቤቱ ይዞት ይመጣና «ዳነልኝ ወይ?» ይለናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውሻውን ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እናስኬደዋለን። እኔ «ድኗል» እላለሁ። ባልደረባዬ «ኧረ ግራውን እየሰሰተ ነው» ይላል። ባለቤቱ መሀል ቆሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። ከዚያ ሰው ፊት መቆም በጣም ይከብደኛል።

ስለዚህ መለኪያ ሠራን። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። በአራቱ ማዕዘን ሥር ከተበላሹ የሰው ሚዛኖች የወጡ የክብደት ሴንሰሮች አሉ። እያንዳንዱ 50 ኪሎ ይችላል። የሴንሰሩን ምልክት ወደ ቁጥር ከሚቀይረው ከኤችኤክስ711 ካርድና አርዱይኖ ከሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አያይዘነዋል። ውሻው ሲረግጠው መሬቱን ምን ያህል እንደሚጫነው በላፕቶፕ ላይ በመስመር ይታያል። ከጎን ደግሞ ስልክ ቆሞ ይቀርጻል።

መጀመሪያ አንበሴን አስኬድነው። ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ 34 ኪሎ። መስመሩ በመጽሐፍ እንደምናየው ወጣ። ሁለት ጉብታ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ። በደስታ ተቃቀፍን። ቀጥሎ ቦቢ መጣ። ነጭ፣ 4 ኪሎ የሆነ ትንሽ ውሻ ነው። የግራ የኋላ እግሩን ባጃጅ ሰብሮት ነበር። ሃያ ጊዜ አስኬድነው። የወጣው ሁሉ የተቦጫጨቀ ወረቀት ጫፍ ይመስላል። የትኛው እግር የቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ለትንንሾቹ ሌላ መሣሪያ ልሥራ ወይስ ይሄንኑ ማስተካከል ይቻላል? ከተቻለስ የቦቢን ቁጥር ከአንበሴ ቁጥር ጋር አንድ ላይ ማየት ያስኬዳል? የምታውቁ አካፍሉኝ።


ቶርኖ ቤት ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

አብሽር ወንድሜ፣ ዕቃው አልተበላሸም። የሚረገጠው ሰሌዳ ለቦቢ ሰፍቶበት ነው። አንበሴ 50 ሳንቲ ላይ አንድ መዳፍ አሳርፎ ያልፋል። ቦቢ ግን እዚያው ሰሌዳ ላይ ሁለትና ሦስት እግሩን በአንድ ጊዜ ያሳርፋል። ሚዛኑ ደግሞ የማን እግር እንደሆነ አያውቅም። ሁሉንም ደምሮ ይነግርሃል።

ሰሌዳውን አትቁረጠው። ከላዩ መስኮት ያለው ክዳን ሥራለት። ክዳኑ መሬት ላይ ባሉ እግሮች ይቆም እንጂ ሰሌዳውን እንዳይነካ። መሀሉ ላይ ለቦቢ የሚሆን ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ከሰሌዳው ጋር የታሰረ ቁራጭ ጣውላ ገብቶ ከክዳኑ ጋር እኩል ይሁን። ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ቦቢ በክዳኑ ላይ ሲሄድ ሚዛኑ ዝም ይላል። መስኮቱን ሲረግጥ ብቻ ይናገራል። ለሌላ ውሻ ሌላ መስኮት ትቀይራለህ። ሰሌዳው ያው አንድ ነው።

የመስኮቱን መጠን በግምት አትቁረጥ። የቦቢን እግር አርጥብና ሊሾ ላይ አስኪደው። አሻራዎቹን በጠመኔ ክበብ፣ ከዚያ በሜትር ለካ። መስኮቱ ከመዳፉ በደንብ ይስፋ፤ ከቀኝ አሻራ እስከ ግራ አሻራ ካለው ርቀት ግን ይጠር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰሌዳው ከመሬት ከፍ ብሎ ብቻውን ተቀምጦ ከሆነ ትልቅ ስሕተት ነው። ውሻው ወጣ ወረደ ሲል የሚለካው አረማመዱን ሳይሆን ደረጃ አወጣጡን ነው። ከፊትም ከኋላም ቢያንስ ሦስት አራት ሜትር መንገድ እኩል ከፍታ ይኑረው። ከላይ ጎሚስታ ቤት የሚጣል ካልማዳሪያ ሰንጥቀህ ከዳር እስከ ዳር አልብሰው። መስኮቱ ዙሪያ ግን ላስቲኩን በምላጭ ቁረጠው፤ ካልተቆረጠ ጭነቱን ወደ ክዳኑ ያሻግርብሃል። እግሩ አይንሸራተትም፣ ሰሌዳውም ለዓይኑ የተለየ አይሆንበትም።


ከጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

አያ ቶርኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ክሊኒኩ ሲዘጋ ሞከርነው።

ቦቢን በሳፋ ውሃ ውስጥ አቁመን ሊሾው ላይ ለቀቅነው። አሻራው ቶሎ ይደርቃል። ሁለት ሆነን ተንበርክከን በጠመኔ እየተከተልን ከበብን። ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ፊት 17 ሳንቲ ሜትር። የኋላው መዳፍ የፊተኛው የረገጠበት ላይ ተጠግቶ ያርፋል፣ አንዳንዴ እላዩ ላይ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። የሦስቱ እግሮች አሻራ አራት ጣትና መሀል ላይ ትልቁ ትራስ አለው። የግራ የኋላው ግን ጣቶቹ ብቻ ናቸው። መሀሉ ደረቅ ነው። ውሻው መዳፉን ሙሉ ለሙሉ አያሳርፍም ማለት ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት «ድኗል» ያልኩት እግር ነው። ለዚህ እኮ ነው መለኪያው የሚያስፈልገን።


አምስተኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ሰላም ዶክተር። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። መስኮቱ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ቦቢን በምን ፍጥነት ነው ያስኬዱት?


ከጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ከአንበሴ ጋር እኩል እንዲሆን ብዬ በተመሳሳይ ፍጥነት። በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ። ገመዱን ይዤ ጎኑ እሄዳለሁ።


አምስተኛ ዓመት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:10

አዎ፣ ጠርጥሬ ነበር። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አስልቼ መጣሁ።

ፍጥነቱ እኩል መሆኑ ነው ያላስተካከለው። በሰከንድ 1 ሜትር ለአንበሴ የእርጋታ እርምጃ ነው። ለቦቢ ግን ሩጫ ሊጀምር ሲል ያለው ፍጥነት ነው። ሕፃን ልጅ እጁን ይዘው ገበያ ሲወስዱት እርስዎ እየሄዱ እሱ ኩስ ኩስ ይላል አይደል? ያ ማለት ነው።

ይሄን የሚያስተካክል ቀላል ስሌት አለ። ዊልያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ የመርከብ ሞዴልን ከትልቅ መርከብ ጋር ለማወዳደር የተጠቀመበት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ማክኒል አሌክሳንደር የተባለ የሥነ እንስሳት ሊቅ ለእንስሳት አረማመድ ተጠቀመበት። ፍጥነቱን በራሱ ያባዙታል። ከዚያ ለ9.81 (የመሬት ስበት ነው) እና ለእግር ቁመት ብዜት ያካፍሉታል። የእግር ቁመት ማለት ከመሬት እስከ ዳሌ፣ በሜትር። የሚወጣው ቁጥር እኩል ከሆነ ትንሹም ትልቁም በተመሳሳይ ሁኔታ እየሄዱ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ሲደርስ ብዙ እንስሳት ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ ይቀይራሉ።

አንበሴ ዳሌው 58 ሳንቲ ነው እንበል። ቦቢ 20። አንበሴ 0.5 የሚደርሰው በሰከንድ 1.7 ሜትር ሲሄድ ነው። ቦቢ ግን 1 ሜትር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የእርስዎ ሃያ ሙከራ ውስጥ ቦቢ አንዴ ይራመዳል፣ አንዴ ሶምሶማ ይጀምራል፣ አንዴ በሁለቱ መሀል ይደናገራል። እርምጃ ላይ አራቱ እግሮች ተራ በተራ ነው የሚያርፉት። ሶምሶማ ላይ የቀኝ ፊት ከግራ ኋላ ጋር ጥንድ ሆኖ ያርፋል። ጫናውም ይለያያል። በእርምጃ አንድ የፊት እግር ከሰውነት ክብደት 60 በመቶ ገደማ ሲሸከም፣ በሶምሶማ ከ100 በመቶ ያልፋል። ሁለቱን ደባልቀው መስመር ቢጠብቁ የተቦጫጨቀ ወረቀት ነው የሚያገኙት።

መፍትሔው፦ ሁሉንም ውሻ 0.2 ላይ ያስኪዱ። ለአንበሴ በሰከንድ 1.07 ሜትር ይሆናል። 45 ሳንቲ ለሆነ የሀበሻ ውሻ 0.94። ለቦቢ 0.63። መሬት ላይ 5 ሜትር ምልክት ያድርጉ። አንበሴ በ4.7 ሰከንድ፣ የሀበሻው በ5.3፣ ቦቢ በ8 ሰከንድ ይለፉት። ቦቢን የሚይዘው ሰው በጣም በዝግታ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ያለ ውሻ ይለማመድ።

የሚፈቀደውም ልዩነት እንደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ በሙከራዎች መሀል እስከ 0.3 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ይፈቀዳል። ለአንበሴ ያ ከፍጥነቱ ሩብ ያህል ነው። ለቦቢ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ለትንንሾቹ ያጥብቡት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ውሻ ቢያንስ አምስት ንጹሕ ሙከራ ይያዙ። ገመድ የተሳበበትን፣ ጭንቅላቱን አቅንቶ እጅዎ ላይ ያለውን ሥጋ እያየ የሄደበትን ይጣሉ። ቀና ሲል ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል።


ከጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00

ልጄ፣ ተባረክ። ቪዲዮውን መልሼ አየሁት። ከሃያው አሥራ አንዱ ላይ ቦቢ ሶምሶማ ላይ ነው። ዳሌውንም ለካሁት፣ 20 ሳንቲ ከግማሽ። ግምትህ ልክ ነበር።


ሸዋበር ጥገና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

እኔ ስልክና ቴሌቪዥን ነው የምጠግነው። ስለ ውሻ አላውቅም፣ ስለ ኤችኤክስ711 ግን ልናገር።

ብዙዎቹ ካርዶች ከፋብሪካ ሲመጡ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ነው የሚያነቡት። ትንሽ ውሻ መዳፉን መሬት ላይ የሚያቆየው የሰከንድ ሲሶ ያህል ቢሆን ሦስት ነጥብ ነው የምታገኘው። በሦስት ነጥብ ሁለት ጉብታ መሣል አይቻልም። ቺፑ በሰከንድ 80 ጊዜ ማንበብ ይችላል። 15ኛው የቺፑ እግር ፍጥነቱን ይወስናል። ብዙ ጊዜ ከመሬት መስመር ጋር ታስሮ ይመጣል። እሱን በጥንቃቄ አላቀህ ከጎኑ ካለው 16ኛው ጋር አያይዘው። በቀጭን ብየዳ ብረት፣ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ። ንባቡ ትንሽ ይረበሻል፣ ግን መስመር ታገኛለህ።

ሁለተኛ፣ አራቱ ሴንሰሮች ተደምረው 200 ኪሎ ይችላሉ። የቦቢ የኋላ እግር ሲራመድ ቢበዛ 1.6 ኪሎ ነው የሚጫነው። ከ100 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የጤፍ ኩንታል በሚመዝን ሚዛን በርበሬ መመዘን ነው። ለትንንሾቹ ባለ 5 ኪሎ ሴንሰር አራት ግዛ። ረዘም ያለ የአሉሚኒየም ቁራጭ የሚመስለውን። ሰው ወይም አንበሴ በስሕተት ቢረግጠው ግን ይጣመማል፣ ከዚያ አይመለስም። ከሥሩ ማቆሚያ ቡለን አድርግለት። ከልክ በላይ ሲጎብጥ ቡለኑ ላይ ያርፋል።

መብራት ሲጠፋ ብላችሁ ሳይሆን ሁልጊዜም በላፕቶፑ ባትሪ ሥሩ። ቻርጀሩ ሲሰካ ንባቡ ላይ ንዝረት ሊጨምር ይችላል።


ሐይቅ ዳር ቪዲዮ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

ሠርግ ነው የምቀርጸው፣ ግን ይሄን ርዕስ ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነበር። ስለ ካሜራው ማንም ስላላነሳ ልግባበት።

ስልኩን የት ነው ያቆምከው? በትራይፖድ በሰው ደረት ከፍታ ላይ ከሆነ ቦቢን ከላይ ወደ ታች ነው የምታየው። ከላይ የታየ ጉልበት ትክክለኛ ማዕዘን አይሰጥህም። ሌንሱ የእግሩ ግማሽ ቁመት ላይ ይሁን። ለአንበሴ 29 ሳንቲ፣ ለቦቢ 10። ለቦቢ ስልኩን መሬት ላይ በጡብ አስደግፈው። ውሻው የሚሄድበት መስመርም ለስልኩ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ ተሻጋሪ ይሁን።

ርቀቱንም በሜትር አትቁጠረው፣ በውሻው እግር ቁጠረው። ስድስት የእግር ቁመት ይሁን እንበል። ለአንበሴ 3.5 ሜትር። ለቦቢ 1.2 ሜትር። እንዲህ ሲሆን ዳርና ዳር ላይ የሚመጣው መዛባት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ስለ ፍጥነት ያለው ነገር ለካሜራም ይሠራል ማለት ነው። ማስተካከያ የምታደርገው ባለ ልክ ዘንግም እንደዚያው፦ ለአንበሴ 1 ሜትር፣ ለቦቢ የተማሪ ማስመሪያ። ዘንጉ ውሻው በሚሄድበት መስመር ላይ ይቁም፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ አይደለም።

መገጣጠሚያ ላይ የምትለጥፈው ምልክት 2 ሳንቲ ከሆነ አንበሴ ላይ ነጥብ ነው፣ ቦቢ ላይ ግን ሙሉ ጉልበቱን ይሸፍናል። 8 ሚሊ አድርገው። ቦቢ ነጭ ነው ብለሃል፣ ስለዚህ ጥቁር ፕላስተር። ፀጉሩ ረጅም ከሆነ ከባለቤቱ ተነጋግረህ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ላጨው።

በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ካለህ እሱን ተጠቀም። በ60 ፍሬም በሁለት ሥዕል መሀል 17 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፣ በ240 ደግሞ 4 ብቻ። ትንሽ ውሻ እግሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚያነሳ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን በ240 ቤት ውስጥ በመብራት ከቀረጽክ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል። የእኛ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚያበራና ስለሚደበዝዝ ነው። በቀን፣ ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ ቅረጽ። ደሴ ጭጋግ ሲወርድ እንኳ ከአምፖል ይሻላል። ከዚያ ኪኖቪያ ወይም ትራከር የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ነጥብ ነጥቡን ተከትለው ማዕዘኑን ይሰጡሃል።


አምስተኛ ዓመት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

እንዴት ያለ መልስ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። ቆዳ በአጥንት ላይ ይንሸራተታል። በተለይ ጭንና ጉልበት ላይ። ስለዚህ የጉልበት ማዕዘንን በዲግሪ እንዲህ ነው ብለን አንማል። የአንዱን ውሻ ቀኝ ከግራ ስናወዳድር ግን ስሕተቱ ለሁለቱም ስለሚቀራረብ ብዙ አይጎዳንም።


የአንጎት ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:40

ከወልድያ ነኝ። እዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። ጠባቂ ውሻዬ ከሳምንት ጀምሮ ልክ አይደለም፤ ግን የትኛው እግሩ እንደሆነ አልገባኝም። አራቱንም ይረግጣል። ቤት ውስጥ ማድረግ የምችለው ነገር አለ? ብቻዬን ነኝ፣ እሱ ነው በሌሊት የሚጠብቀኝ።


ሠላሳ ዓመት በሥራ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:15

እኅቴ፣ አይዞሽ። እኔ በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን ነው የቆየሁት። ከዕቃው በፊት ዓይን ነበረን።

ውሻሽን ሌላ ሰው ገመዱን አላልቶ ይያዝልሽ። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ በሶምሶማ ወደ አንቺ ይምጣ። ጭንቅላቱን ብቻ እዪ። የታመመው የፊት እግር ሲያርፍ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ብድግ ያደርጋል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለበት እግር ደህናው ነው። ከዚያ ካንቺ እየራቀ ይሂድ፤ ዳሌውን እዪ። አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ የኋላ እግር ነው። በስልክሽ ቀርጸሽ ቀስ አድርገሽ ብታዪው ደግሞ የበለጠ ነው። ጥፍሩንና በጣቶቹ መሀል ያለውንም እዪ። እሾህ ሊሆን ይችላል። ሲነካ የሚቆጣ ከሆነ ግን ተዪው፣ ሐኪም ይየው።

ለዶክተሩም አንድ ነገር ልበል። ልፋታችሁን አከብራለሁ። ግን ወጣት ሐኪሞች ቁጥር ሲያዩ ውሻውን ማየት እንዳይተዉ እሰጋለሁ።


ከጦሳ ሥር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔም የተማርኩት እንደርስዎ ካሉ ሰዎች ነው። ግን ማነከሱ ጎልቶ ካልታየ በስተቀር የዓይን ግምት ከሚዛን ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። ይሄ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ሰው አጠገቡ ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ቦቢን ሁለት ሐኪሞች አይተን ሁለት ነገር ተናገርን፤ እርጥብ አሻራው ነው እውነቱን የነገረን። ዓይንዎን አንተወውም። ዓይንዎ የት እንደምንለካ ይነግረናል። ደሴ ሲመጡ ቢጎበኙን ደስ ይለኛል።

የአንጎት ልጅ፣ ቪዲዮውን ከቀረጽሽ እዚህ አስቀምጪልን። ሁላችንም እናየዋለን።


ቦሩ ሜዳ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9:00

አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ እንስሳት በጣም ይወዳል፣ ክሊኒካችሁ ሄዶ መርዳት ይፈልጋል። ግን እኛ ሙስሊሞች ነን። የውሻ ምራቅ ሲነካን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር መታጠብ አለብን። ሳይቸገር የሚሠራበት መንገድ ካለ ብዬ ነው። ስለ ንክሻም እፈራለሁ።


ከጦሳ ሥር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:05

ወዓለይኩሙ ሰላም እትዬ። ልጅዎ ይምጣ፣ በደስታ ነው። ከውሻ ጋር የማያገናኝ ብዙ ሥራ አለ። ሰዓት መያዝ፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ላፕቶፑ ላይ መስመሩን ማየት። ገመድ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። መንገዱ ላይ ያለው ላስቲክ ከእያንዳንዱ ውሻ በኋላ በበረኪና ይታጠባል። ላፕቶፑና ስልኩ የተለየ ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

ንክሻን በተመለከተ ፍርሃትዎ ልክ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ መለኪያው ላይ አይወጣም። ከውሻ ጋር በቅርብ የምንሠራውም አስቀድመን እንከተባለን። የማናውቀው ውሻ አፉ ሳይታሰር አይገባም። አፉ ሲታሰር ግን አረማመዱ እንዳይቀየር ቀደም ብሎ መልመድ አለበት። ልጅዎን ያለዚህ ጥንቃቄ አላስገባውም።


ደላንታ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:30

ጥያቄዬ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። እኛ ጋ ደጋው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው ይባላል። ባለፈው አንዱ ሲያነክስ አየሁ። ሳይነካ፣ ከሩቅ በቪዲዮ ብቻ መለካት ይቻላል?


ሐይቅ ዳር ቪዲዮ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:00

ጫናውን አይቻልም፣ እርምጃውን ግን ይቻላል። መንገዱን የምታውቀው ከሆነ እሱ ከሄደ በኋላ የረገጠበት ቦታ ላይ ባለ ልክ ዘንግ አቁመህ፣ ካሜራውን ሳታነቃንቅ ዘንጉን ቅረጸው። ያ መለኪያህ ይሆናል። የትኛው እግር መሬት ላይ አጭር ጊዜ እንደሚቆይ ለማወቅ ግን ዘንግም አያስፈልግም፣ ፍሬም መቁጠር ይበቃል። አትጠጋው፣ አታባርረው። ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎችም ተናገር።


ከጦሳ ሥር | ማክሰኞ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 2:10

ወገኖቼ፣ ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

ቶርኖ ቤት ክዳኑን ሠርቶ በሚኒባስ ላከልኝ። የቦቢ መስኮት በሚሄድበት አቅጣጫ 13 ሳንቲ፣ ወርዱ 11 ነው። ከሥሩ ባለ 5 ኪሎ ሴንሰሮች ገቡ። ሸዋበር ራሱ መጥቶ 15ኛውን እግር በየደልኝ። የበየደው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው። በሰከንድ 80 ንባብ እያገኘን ነው።

ቦቢን የያዘችው ባለቤቱ ናት። ሁለት ቀን ያለ ልኬት፣ ዝም ብሎ መንገዱን እንዲለምደው አደረግን። መጀመሪያ ቀን መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አሸተተው፣ ከዚያ ዘሎት አለፈ። ክዳኑ ሥር ባዶ ስለሆነ ድምፁ ይለያል። ክፍት ቦታውን በብርድ ልብስ ሞላነው። ጨርቁ ሰሌዳውን እንዳይነካ ከክዳኑ እግሮች ጋር አሰርነው። በሁለተኛው ቀን ቦቢ ረስቶት አለፈ።

ትናንት ጠዋት አሥራ ሰባት ጊዜ ሄደ። ፍጥነቱ ልክ የሆነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ መዳፍ ብቻ በትክክል መስኮቱ ላይ ያረፈው፣ ገመድ ያልተሳበው ተለቀመ። ለእያንዳንዱ የኋላ እግር አምስት ንጹሕ አገኘን። የኋላው መዳፍ የፊተኛው እንደለቀቀ ወዲያው እዚያው ስለሚያርፍ በአንድ ማለፊያ ሁለት መስመር፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ ይወጣል። ባለቤቱ ስክሪኑን ስታየው «ይሄ የቦቢ ነው?» አለችና ዝም አለች።

ቀኝ የኋላ እግር ከሰውነቱ ክብደት 41 በመቶ ይሸከማል። ግራው 32። በኪሎ 1.64 እና 1.28 ነው። ልዩነቱን ለአማካያቸው ስናካፍል 25 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጤነኛም ውሻ ላይ ጥቂት በመቶ ልዩነት አይጠፋም፣ 25 ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አልዳነም። ባልደረባዬ ልክ ነበር። ነገርኩትም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ የቦቢንና የአንበሴን ቁጥር አንድ ላይ ማየት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ጫናውን በዚያው ቀን በተመዘነው ክብደት አካፍላለሁ፣ ፍጥነቱን በእግር ቁመት አስተካክላለሁ። ያም ሆኖ አንበሴ መዳፉን መሬት ላይ የሚያቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ጫናና ቆይታ ሲባዙ የእሱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ቦቢን ከአንበሴ ጋር አላወዳድረውም። የቦቢን ግራ ከቦቢ ቀኝ፣ የዛሬውን ቦቢ ከሚቀጥለው ወር ቦቢ ጋር ነው የማወዳድረው።

ለባለቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በአጭር ገመድ ቀስ ብላ እንድታስኬደው ነግሬያታለሁ። ዝላይና ደረጃ የለም። ከአራት ሳምንት በኋላ ደግመን እንለካዋለን። ቀጣዩ ሥራዬ የሀበሻ ውሾቹ ናቸው። ቁመታቸው ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ስለሆነ አንድ መስኮት ለሁሉም የሚበቃቸው ይመስለኛል።


የአንጎት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ለቦቢ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። የኔው የቀኝ ፊት እግሩ ነበር። ጋሼ እንዳሉት ጭንቅላቱን አየሁ፣ ከዚያ በጣቶቹ መሀል የግራር እሾህ አገኘን። ወጥቶለታል። ዛሬ ሌሊት በር ላይ ነው።


ቶርኖ ቤት ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

አልሐምዱሊላህ። ዶክተር፣ የሀበሻ ውሾቹን ቢያንስ ሦስቱን በእርጥብ እግር አስኪድና የአሻራቸውን ርቀት ላክልኝ። ከሦስቱ አጭሩን ይዤ ነው መስኮቱን የምቆርጠው። ላሜራው አለኝ። ሐሙስ ከላክልኝ ቅዳሜ ሚኒባስ ላይ እጭነዋለሁ።